መርዶን ያጠናሁበት አገር

ከላሊበላ የወጣሁ ለት ማታ እናቴ ደጅ ድረስ መሸኘት አልቻለችም። ሳሉ ጠንቶባት ነበርና መደቡ ላይ እንደተደገፈች በሶዬን ቋጥራ ሰጠችኝ። ወደ ወልድያ የሚመለስ የእህል መኪና በመከራ ተገኝቶ ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ደግሞ ጊዜ ቢኖረኝም ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። «ስትመለስ ካጣኸኝ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «በል ሂድ፤ ቅዱስ ላሊበላ ይከተልህ።» ጋሸና ላይ ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱ እኔ ከጭነቱ ላይ ንቅንቅ አላልኩም። ብወርድ እግሬ ወደ ኋላ ይዞኝ እንደሚሄድ አውቀዋለሁ።

አዲስ አበባ ላይ የነፃ ትምህርቱን ጉዳይ የያዘው ካድሬ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጓድ፣ ለዶክትሬት የምትሄደው ምን ልታጠና ነው?»

«ማኅበራዊ ሥነ ልቦና።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰው በሰው መሃል ሲሆን ምን እንደሚያስብ ማጥናት ነው።»

«ምን ማሰብ እንዳለበትማ በየስብሰባው እየነገርነው አይደል?» አለና ፈረመልኝ። ሳቄን አውሮፕላኑ እስኪነሳ አፍኜ ያዝኩት፤ ሲነሳ ግን አለቀስኩ።

የደረስኩት ምሥራቅ ጀርመን፣ የና የምትባል ከተማ ነው። በዚያ ዓመት ሌላ አበሻ አላገኘሁባትም። ብርዱስ ደጋው ፍላቂት ላደረ ሰው ብርቅ አይደለም። ግን በእኛ አገር ሲበርድ ሰው አንድ እሳት ዳር ይሰበሰባል፣ እዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ጥቁሩ ዳቧቸው የእናቴን የገብስ ዳቦ መስሎኝ በጉጉት ብጎርሰው ጎመዘዘኝ። ሰላምታቸው ደግሞ «ታግ» ነው፤ ታግ ብለው ያልፋሉ። የማደሪያችን ጠባቂ ፍራው ሪታ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመችኝ።

«በየጠዋቱ እንዴት አደሩ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው ወይ ይሉኛል። ስለ ልጆቼ የሰሙት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁም። ሰላምታ ነው።»

«እንግዲያው ያሳጥሩት። እንቅልፍ አሳጥተውኛል።»

ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት መርዶን ነበር። ደሴ ተማሪ ሳለሁ አባቴ ሲሞት፣ በከተማው ያለው የላስታ ሰው ሁሉ ከእኔ በፊት ሰምቶ ነበር። ገበያ እንገናኛለን፣ እንስቃለን፣ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ፤ ብከፍት ግቢው ሰው ሞልቷል። መሬት ላይ ስወድቅ የሚይዘኝ በግራም በቀኝም ነበረ። ይህን ለፕሮፌሰሬ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች።

«ይህ እኮ እውነትን መደበቅ ነው። ሰውየው የማወቅ መብት የለውም?»

«አለው» አልኳት። «ብቻውን የማወቅ ግዴታ ግን የለበትም።»

በጣም ወደደችው። የምዕራፉ መክፈቻ አድርገው አለችኝ፤ አደረግኩት፣ ኮራሁበትም።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ምስጋናው፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ፣ ወልድያ አስተማሪ ናቸው። አልፎ አልፎ በቀጠሮ ቴሌ መጥተው ይጠብቁኛል፣ የእናቴንም ደህንነት የምሰማው ከእሳቸው ነው። በበጋው ስደውል ጠበል ገብታለች አሉኝ። መስከረም ላይም ጠበል ናት። በጥር ደወልኩ።

«እማማስ ጋሼ? ዛሬም ከጠበል አልተመለሰችም?»

«ይምርሐነ ክርስቶስን ልሳለም ብላ ወጥታለች» አሉኝ ቶሎ ብለው።

ያን ዳገት እኔ በጉልበቴ ወራት እያረፍኩ ነው የምወጣው። ከመደቡ መውረድ ያቃታት ሴት እንዴት አድርጋ?

«በእግሯ ነው የሄደችው?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ለመሆኑ አጠገብህ ማን አለ?»

መርዶ የሚያረዱ ሰዎች አስቀድመው የሚያጣሩት ይህንኑ ነው። ለጥናቴ በደብዳቤ የጠየቅኳቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ነግረውኛል፤ በጀርመንኛ ተርጉሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ሰው አለ» አልኩ። ከስልክ ሣጥኑ መስታወት ውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመው ነበር።

«የአገር ሰው ነው የምልህ። አብሮህ የሚያድር።»

«አለ» ብላቸው ይነግሩኛል። አፌን ከፈትኩ። እዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ብወድቅ ማን እንደሚያነሳኝ አሰብኩ፤ እናቴን ደግሞ እንደዚያ ልቀብራት አልፈለግኩም።

«ማንም የለም፣ ጋሼ።»

ድምፃቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያውስ ደህና ናት» አሉኝ።