ዓይኑን ብቻ ተውልኝ

ወልደአምላክ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፍሬን ሠሪ ነው። ጋራዡ ሰው ሞልቶታል፤ አንዱ ሞተር ይፈታል፣ አንዱ ዘይት ይቀይራል፣ እሱ ግን ከገባ ጀምሮ ፍሬን ላይ ነው። ደንበኛ መጥቶ «የፊት ፍሬኔ ለምንድነው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ ወልደአምላክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ መልስ አለችው። የኋላው ስለለገመ ነው ይላል። የኋላው ሲለግም የፊቱ የሁለቱንም ሥራ ይሠራል፣ ከዚያ ይበላል። ይቺን ነገር ለሐበሻውም ለፈረንጁም፣ ላልጠየቀውም ሰው ጭምር ሲናገር ኖሯል። ለራሱ ለመንገር ብቻ ነው ጊዜ ያጣው።

ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲቪ ደርሶት ከሚስቱ ከየሻሽወርቅ ጋር የመጣው፣ ፈረንጁ በሙሉ ኮምፒዩተር ሊበላሽ ነው እያለ ውሃና ቆርቆሮ ምግብ በሚያከማችበት ሰሞን ነበር። ኮምፒዩተሩ ሳይበላሽ ቀረ፣ እነሱም ቀሩ፣ በዓመቱ ብሩህ ተወለደ። አንድ ልጅ ነው፤ ሌላ አልተጨመረም። እግር ኳስ አልሆነለትም፤ እግሩ ኳሷን ሲያያት ይሸሻል። ክንዱ ግን ረጅም ነው። አንድ ቀን ፓርክ ውስጥ የሰው ኳስ አንስቶ ሲመልስ፣ የሰፈሩን የቤዝቦል ቡድን የሚያሠለጥነው ኮች ሃርላን አየው፤ አይቶም አልቀረ፣ ወላጆችህን ጥራልኝ አለው።

ወልደአምላክ የሠርግ ሱፉን ለብሶ ሄደ። የሻሽወርቅ ለሜዳ ሱፍ ምን ያደርጋል ብላው ነበር፤ እሱ ግን ልጅን ለአስተማሪ መስጠት እንዲህ በቲሸርት የሚደረግ ነገር አይደለም አላት። እሱን ራሱን አባቱ ደብረ ሲና ላይ ለየኔታ ሲሰጡት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እጅ ነስተው «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ፣ ሌላው የእርስዎ ነው» ብለው ነበር። እንግዲህ የአገሩ ወግ ይሄ ነው። ግረፈው፣ ቅጣው፣ ሰው አድርገው ማለት ነው። የኔታም ልኩን ያውቁታል፤ ቃሉን ሰምተው ልጁን በአለንጋ ያሯሩጡታል እንጂ አያጎድሉትም።

ወልደአምላክ ያንኑ ቃል በሚችላት እንግሊዝኛ ለኮች ሃርላን ደገመለት። ዓይኑን ብቻ ተውልኝ፣ ሌላው ያንተ ነው አለው። ኮች ሃርላን ሳቀ፤ እጁን ጨብጦ ወዘወዘው፤ እንዲህ ያለ ወላጅ አይቼ አላውቅም ብሎ ለረዳቱ አወራ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ልኩን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ። ብሩህ መሀላቸው ቆሞ አንዴ አባቱን፣ አንዴ ኮቹን ያያል። አማርኛ ላይ ቢሰንፍም እንግሊዝኛ ይገባዋል፤ ያን ቀን ደግሞ ነገሩ የተባለው በእንግሊዝኛ ነው።

ቡድኑ ቀበሮዎቹ ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ቀበሮ ቢያንስ ዶሮ ይይዛል። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት በጋ እነዚህ ልጆች ዱላ ይዘው ኳስ መምታት ተሳናቸው። ሦስት ይወጣሉ፣ ሦስት ዱላቸውን እየጎተቱ ይመለሳሉ። ኳሷን ለባላጋራው መቺ የሚወረውሩት፣ ብሩህም ከነሱ አንዱ ነው፣ ደህና ነበሩ፤ የሚመታ ነው የጠፋው።

ወልደአምላክ ጨዋታውን የሚያየው ታጣፊ ወንበር ላይ ከጋሽ ፍሰሐ ጎን ተቀምጦ ነው። ጋሽ ፍሰሐ የአንድ ሕንፃ ጎረቤቱ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ጡረታ የወጡ፣ ቤዝቦልን በቴሌቪዥን የተማሩ ሰው። ወልደአምላክ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም ነበር። ልጄ ሲወረውር ማንም አይመታበትም፤ ታዲያ ለምንድነው የማናሸንፈው ብሎ ጠየቃቸው።

«እነዚህ ዱላውን የያዙት ለምርኩዝ ነዋ» አሉት ጋሽ ፍሰሐ። «አየህ፣ መቺ የሌለው ቡድን የሚበላው ወርዋሪውን ነው። ሌላ ቦታ ያለ ወርዋሪ አንድ ሁለቴ ቢስት ጓደኞቹ መትተው ይክሱለታል። ያንተ ልጅ ግን አንዴ ከሳተ አለቀ። ስለዚህ አይስትም። ስለማይስት ደግሞ ከሜዳ አያወጡትም።»

ወልደአምላክ ይሄን እንደ ሙገሳ ሰማው። ደስ አለው እንዲያውም። ጋሽ ፍሰሐ ግን ወደ ሜዳው እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ከሰኔ በኋላ ወርዋሪዎቹ መርገፍ ጀመሩ። አንዱ ቀይ ጸጉር ያለው ልጅ ትከሻውን አመመኝ ብሎ ቀረ። ሌላኛው ከቤተሰቡ ጋር ባሕር ዳርቻ ሄዶ፣ እግዜር ይስጠው፣ በዚያው ጠፋ። ብሩህ ቀረ። ኮች ሃርላን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ አንተ ከያዝክልን እኛ አንድ ነጥብ አናጣም ይለዋል። እሷ አንድ ነጥብ ግን አትመጣም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ፍሰሐ ምሳ ተጋብዘው ነበር። ዶሮው ቀረበ፣ ጸሎት ተደረገ። ብሩህ የግራ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ።

«በግራ እጅህ?» አለችው የሻሽወርቅ። «ደግሞ ጋሽ ፍሰሐ ፊት?»

ሶሪ ማሚ አለና ግራውን ሰብስቦ ቀኙን ዘረጋ። ቆረሰ፤ ግማሽ መንገድ እንደደረሰ ጉርሻው ጭኑ ላይ ወደቀ። እንደገና ሞከረ። ከዚያ አልራበኝም አለና ተነሥቶ ክፍሉ ገባ። ወልደአምላክ ሳቀ፤ ልጃችን አሜሪካዊ ሆነ፣ ማዕድ እንኳ ጠፋበት አለ። የሻሽወርቅም አፍራ፣ ሰሞኑን በሩንም የሚከፍተው በግራው ነው፣ ቦርሳውንም በግራው ነው የሚይዘው፣ በእርጅናዬ ግራኝ ሆነብኝ አለች። ጋሽ ፍሰሐ አልሳቁም። ያችን ጭን ላይ ወድቃ ምንጣፉ ላይ የቀረች ጉርሻ ያያሉ።

ሲወጡ ወልደአምላክ እስከ ሊፍቱ ሸኛቸው። እዚያ ጋ ነው የተናገሩት።

«ልጁን አውጣው።»

«ከምኑ?»

«ከዚያ ሜዳ። ለአሠልጣኙ ንገረው።»

ወልደአምላክ ቅር አለው። በአፌ ሰጥቼ በአፌ እንዴት እነጥቃለሁ አላቸው። እሱ ከየኔታ ጠፍቶ ቤቱ በመጣ ቀን አባቱ ራሳቸው ጎትተው እንደመለሱት ነገራቸው። አስተማሪ ሥራ ላይ ወላጅ አይገባም።

«የኔታም ቢሆኑ እኮ ሲመሽ ይለቁህ ነበር» አሉት ጋሽ ፍሰሐ፤ የሊፍቱ በር ተዘጋ።

በነጋታው ጋራዡ ውስጥ አንድ መኪና አነሣ። የፊት ፍሬኑ ሸራ ድራሹ ጠፍቶ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከርሟል፤ የዲስኩ ጠርዝ እንደ ቢላ ስሏል። ለባለቤቱ የተለመደችውን መልስ ጀመረ። የኋላው ሲለግም አለና አቆመ። ሰውየው ቆሞ ይጠብቃል። ወልደአምላክ የቀኝ እጁን ክርን በግራው ያዘ። ምን እንደነካው ማንም አልገባውም። ያን ሳምንት ሙሉ ለኮች ሃርላን የሚለውን ሲያሰናዳ ከረመ፤ አፉ ግን አልታዘዘውም።

ቅዳሜ ጨዋታው እዚያው አሌክሳንድሪያ ነበር። ወልደአምላክ ከሥራ በቀጥታ በቱታው ሄደ። አየሩ አፍኖ ይዟል፤ በፖቶማክ ወንዝ በኩል ጥቁር ደመና ተነሥቶ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ዛፉ ላይ የሚጮኹት ነፍሳት እንኳ ጸጥ ብለዋል። ጋሽ ፍሰሐ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሁለቱም ቡድን አንድ ነጥብ የለውም። ቀበሮዎቹ ሊመቱ ወጡ፤ ሦስት ሄዱ፣ ሦስት ተመለሱ። ብሩህ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦታል፤ ሰው ያስያዘው አደራ ዕቃ ይመስል አይነካውም፣ አያየውም።

ሊወረውር ተነሣ። አባትየውም ተነሣ።

አጥሩ ጋ ሄዶ «ኮች፣ ይብቃው» አለ። ሱፍ አልለበሰም፣ እጅ አልነሣም። ኮች ሃርላን ዞሮ አየው፤ ደህና ሰው ነው፣ ግራ ተጋባ። ይህቺን ዙር ብቻ ያውጣልን፣ ካልሆነም ልጁን ጠይቀው አለው። ወልደአምላክ በአጥሩ ቀዳዳ ልጁን ጠራው።

«ብሩህ፣ ና እንሂድ።»

ብሩህ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲጠይቁት በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው። ያን ቀን በአማርኛ መለሰ።

«አንተ ሰጥተኸኛል እኮ፣ አባ።»

ቁጣ አልነበረበትም። የአድራሻ ጥያቄ እንደሚመልስ ሰው ነው ያለው። ከዚያ ወደ ቦታው ሄደ፣ እግሩን አነሣ፣ ወረወረ።

ወልደአምላክ ድምፁን ያውቀዋል። የተወጠረ የፍሬን ሞላ ሲበጠስ እንደዚያ ነው። ኳሷ ወደ ተቀባዩ አልሄደችም፤ ወደ ጎን ወጥታ ሳሩ ላይ ተንከባለለችና ጋሽ ፍሰሐ ወንበር ሥር ቆመች። ልጁ ክርኑን ይዞ ተንበረከከ፣ ቀና ብሎ አባቱን አየው። ዓይኑ ደህና ነበር። እንደተባለው፣ ዓይኑን ማንም አልነካውም።

ዝናቡ ያኔ ወረደ። ኮች ሃርላን ፊቱ ነጥቶ ወደ ልጁ ሲሮጥ፣ ወልደአምላክ በሩን ማግኘት አቅቶት አጥሩን በእጁ እየዳበሰ ይዞር ነበር።

ሐኪሙ ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሷል አለ። ይቀደዳል፣ ይሰፋል፣ ከዚያ ይታያል። ወልደአምላክ «ይታያል» የሚለውን ቃል አልወደደውም፤ እሱም ጋራዥ ውስጥ ተስፋ ለቆረጠበት መኪና የሚላት እሷን ነው።

ማታ የሻሽወርቅ ራት አቀረበች። ሦስት ሆነው ተቀመጡ። የብሩህ ቀኝ እጅ ታስሮ ደረቱ ላይ ነው። ግራውን ወደ ትሪው ሰደደ፤ ከዚያ ትዝ ብሎት መሀል ላይ አቆመውና እናቱን አየ። እሷ ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግራው አዞረችለት። ወልደአምላክ አንገቱን ደፍቶ መቁረስ ጀመረ።