አረጋ ለሚስቱ የጻፈው ማመልከቻ

አረጋ ላሊበላ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፍ ፀጉሩ ሸብቷል። የመሬት ክርክርም ይሁን የፍቺ፣ ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ግማሹን ገጽ ሞልቶ ይጠብቃል። አጻጻፉን ያረመው ሰው የለም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሚስቱ ሸጌ እህቷን ልትጠይቅ ፍላቂት ሄደች። ገበያ መሃል ለሠፈራ ሰው ሲያፍሱ እሷንም መኪና ላይ ጫኗት። ወሬውን ያመጣችው እህቷ ናት። አረጋ አላለቀሰም። «እሺ» አለ፤ ለእንግዳዋ ውሃ ሰጣትና ወደ ሥራው ሄደ።

ሰንብቶ ለሠፈራው መሥሪያ ቤት የራሱን ማመልከቻ ጻፈ። ጎረቤቱ እትዬ ይማርሽ ደሴ ከተማ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም የተመለሱ ሴት ናቸው። «ሳትልከው አንብብልኝ» አሉት። አነበበ።

«...ባለቤቴ ያለፈቃዷ የተወሰደች በመሆኑ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና እለምናለሁ።»

«ይህን ለስንት ሰው ጽፈኸዋል?»

«ለብዙ ሰው።»

«ከዚያ ሁሉ ሠፋሪ መካከል በምን ይለዩአታል?»

«ስሟን ጽፌአለሁ።»

«ሸጌ የምትባል እሷ ብቻ ናት? ምን ለብሳ ነበር?»

አረጋ አያውቅም።

«ሌላስ ምልክት የላትም?»

«የግራ አውራ ጣቷ ጥፍር የለውም። በልጅነቷ ሙቀጫ ላይ ቀጥቅጣው ነው።»

«ታዲያ ምነው አልጻፍከውም?»

«የማመልከቻ ነገር አልመሰለኝም።»

«እንደገና ጻፈው» አሉት።

ተናደደ፤ ግን ጻፈ። በነጋታውም አስነበቡት፣ አቋረጡት፣ ጠየቁት። አንድ ቃል እንኳ አላቀበሉትም። ልብሷን እህቷን ጠይቆ ጨመረ። ብቻውን ቢሆን ያቺ ጣት ወረቀቱ ላይ እንደማትሰፍር ያን ጊዜ ገባው። ደስ አላለውም፤ አልከፋውምም። ገባው፣ በቃ።

ከፋሲካ በኋላ መልስ መጣ። ሸጌ ፓዌ ሠፈራ ጣቢያ ውስጥ በሕይወት አለች፤ በጣቷ ለይተዋታል። መመለስ ግን አይፈቀድላትም።

ለእትዬ ይማርሽ አነበበላቸው። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አረጋ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እትዬ፣ ይግባኙን እርስዎ ጋ ሆኜ ልጻፈው» አላቸው።

በእጃቸው ዳብሰው የሚቀመጥበትን ዱካ ወደ እሱ ገፉለት።