በትውስት ራኬት

ፈትያ ሙሂዲን የቴኒስ ራኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠችው ንፋስ መውጫ ዘጠነኛ ክፍል ስትማር ነው። ሐረገ ወይን የምትባል የስፖርት መምህርት ከባሕር ዳር ተመድባ ስትመጣ ሁለት አሮጌ ራኬቶችና አራት ኳሶች ይዛ ነበር። ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ሜዳ ድንጋዩን ለቅመው መስመሩን በኖራ አሰመሩ። መረብ ስላልነበረ ገመድ ወጥረው ጆንያ አንጠለጠሉበት። ንፋሱ ኳሱን እየነጠቀ ገደል ሲከተው ወርዳ የምታመጣው ፈትያ ነበረች። "እግሬን ያሠለጠነው ያ ገደል ነው" ትላለች፣ ዛሬ ስታስታውሰው።

አባቷ ሙሂዲን ገበያው መግቢያ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰዎች "ልጅህ በአደባባይ ትሮጣለች" እያሉ ቢነዘንዟቸው፣ አንድ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ሊያዩ መጡ። ፈትያ ስታያቸው ክው ብላ፣ በቀሚሷ ጫፍ ተጠላልፋ በግንባሯ ተደፋች።

ቤት ስትገባ ሜትራቸውን ይዘው ጠበቋት። "ነይ እዚህ ቁሚ።"

"ምን ሊያደርጉኝ ነው አባዬ?"

"ልለካሽ ነዋ! በዚህ ቀሚስ ስትሮጪ ጥርስሽ ይርገፍ እንዴ?"

ሰፊ ሱሪ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ ሸሚዝና ከኋላ የሚታሰር ሻርፕ ሰፉላት።

በዚያ ልብስ ነው ደብረ ታቦር ላይ ለመጀመሪያው የሴቶች ውድድር የቀረበችው። ለፍጻሜ ከእስቴ የመጣች አልጣሽ የምትባል ረጅም ልጅ ገጠመቻት። አንድ ለአንድ ሆነው ሳለ የፈትያ ራኬት ክሩ ተበጠሰ። መምህርቷ ካመጣቻቸው ሁለት ራኬቶች ሌላው ከወር በፊት ተሰብሮ ነበር። ዳኛው "ሌላ ከሌለሽ ጨዋታው እዚህ ላይ ያበቃል" አሏት። ፈትያ እንባዋ መጣ።

አልጣሽ ትርፍ ራኬቷን ከቦርሳዋ አወጣች። "ያዢ። እንዲህ አሸንፌ እስቴ ብገባ ምን ብዬ አወራለሁ?"

ፈትያ አሸነፈች። አልጣሽ አቅፋ ሳመቻት፤ "በገዛ ራኬቴ ገረፍሽኝ አይደል!" ብላ ሳቀች። ራኬቱንም ትታላት ሄደች።

ፈትያ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወሰደች። እንጀራዋ ግን ከአባቷ የወረሰችው የስፌት መኪና ነው። ፈሃድን አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ጉልበቷም መታመም ጀመረ። ዱዓ ስታደርግ ከአባቷ ቀጥላ የምታነሳው አልጣሽን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጃገረዶች ታሠለጥናለች። ባለፈው ግንቦት ቤተልሔም የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዋ ስድስት ለአራት ረታቻት። ልጅቷ ደነገጠች። "ይቅርታ፣ እትዬ ፈትያ!"

"የምን ይቅርታ ነው? አልሐምዱሊላህ!" አለችና ጉልበቷን እያሸች ጥላ ስር ተቀመጠች። "በይ ውሃ አቀብይኝ። ከዚያ ያቺን የግራ ምትሽን ታሳዪኛለሽ፤ እኔ አላስተማርኩሽም።"