የምቦንጆ ምላስ

ምቦንጆ ጎሪላዎቹን ከሰው ያላመደው በምላሱ ነው። ጫካ ሲገባ ምላሱን ከላንቃው እያላቀቀ «ቷ፣ ቷ» ያደርጋል፤ «እኔ ነኝ፣ ክፉ አላመጣሁም» ማለቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ጀርባው የሸበተው አውራ ጎሪላ ደረቱን እየደለቀ ያባርረው ነበር። ምቦንጆ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ዘመን ነው። ዓመታት አለፉና አውራው ያንን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ አይቶ ቅጠሉን ማላመጡን ይቀጥል ጀመር። ከዚያ በኋላ ነው እንግዶች ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ወደ ሳንጋ ወንዝ መምጣት የጀመሩት። ጠዋት ጎሪላ ያያሉ፣ ከሰዓት ከምቦንጆ ወገኖች፣ ከጫካው ነዋሪ ከአካ ሴቶች ጋር በመረብ ያድናሉ፣ ማታ እኔ የሠራሁላቸውን ካሳቫ ፊታቸውን እያጨማደዱ ይበላሉ። የእንግዳ ማረፊያው ምግብ አብሳይ ነኝ።

የአካ ሰው የሰማውን ድምፅ በአፉ ሳይቀዳ አያድርም፤ አበላሽቶ የቀዳ ደግሞ መሳቂያ ነው። አንድ ምሽት የምቦንጆ ሚስት ወንድም ኤሴንዴ ያንን «ቷ፣ ቷ» ሊያወጣ ሞከረ።

ምቦንጆ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄ ምንድነው? ጥርስህን አመመህ እንዴ?»

«እስቲ አንተ አሳየኝ፣ አማቼ!»

«ምላስህን ጠቅልለው። ኧረ አይደለም! ቀስ... አዎ፣ እንደሱ!»

«አንተ ሰውዬ፣ የቤትህን ቁልፍ ለሰው ታድላለህ?» አልኩት።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ እታለም» አለኝ።

ኤሴንዴ ለአንድ የከተማ የአደን ሥጋ ነጋዴ ጠመንጃ እየተሸከመ እንደሚያድን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ምቦንጆ አውራውን ሞቶ አገኘው። ሲሸሽ አልነበረም የተመታው፤ እንደተቀመጠ፣ ቅጠሉን በእጁ እንደያዘ ነው። ጭቃው ላይ የኤሴንዴ የእግር ዱካ ነበር።

«እንዴት ቀረብከው?» ሲል ምቦንጆ ኤሴንዴን ጠየቀው፣ እኔ ባለሁበት።

ኤሴንዴ መሬት መሬቱን እያየ «አንተ እንዳስተማርከኝ ነዋ» አለ። «ቀና ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ኤሴንዴን ባንቀው ደስ ባለኝ፤ ምቦንጆ ግን አልነካውም። በማግስቱ ድስቴን ሊዋሰኝ መጣ።

«ምን ልትሠራበት?»

«የቀሩትን ጎሪላዎች ሰው እንዲፈሩ ላደርጋቸው።»

«አብደሃል? ከፈሩማ እንግዳ አይመጣም! እንጀራችንን ልትዘጋ ነው?»

«ይዘጋ! ነጋዴው ነገ ሌላ ሰው ይልካል። ያንን ድምፅ ያወቀ ሁሉ ይጨርሳቸዋል።»

ድስቱን ይዞ ጫካ ሲገባ ልመልሰው ብዬ ተከተልኩት። ሴቶቹ ጎሪላዎች ከነግልገላቸው ረግረጉ ዳር ነበሩ። «ቷ፣ ቷ» አለ። ቀና ብለው አዩት፣ መብላታቸውንም ቀጠሉ። ያኔ ድስቱን በዱላ እየቀጠቀጠ ጮኸባቸው፣ የእንጨት ጉማጅ ወረወረባቸው። ሴቶቹ እየጮኹ ጫካውን ጥሰው ሸሹ።

ግልገሉ ግን አልተከተላቸውም። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሊሸሸግ ወደ ምቦንጆ ሮጦ እግሩን አቀፈው።

«ሂድ!» አለው ምቦንጆ። «ሂድልኝ፣ ልጄ!»

አልሄደም። ምቦንጆ እያለቀሰ ዱላውን አነሳ፤ ግልገሉ እግሩን እስኪለቅ ድረስ መታው።