የዛጉት መቀርቀሪያዎች

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰብሳቢ መጥቶ ተጎታቿን ከመኪና ማቆሚያው እንዳስነሳ በትህትና ጠየቀኝ። ባለቤቴ ቱሪስት ይዞ አገር ሲያዞር የኖረ ሹፌር ነበር። ተጎታቿን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዛት፤ ከመኪና ኋላ የምትታሰር፣ ጣሪያዋ ወደ ላይ ሲነሳ የሸራ ግድግዳ የምታወጣ፣ አልጋ ያላት ትንሽ ቤት ነች። ጣሪያዋን የሚይዙት በውጭ በኩል በአራቱ ማዕዘን ያሉ መቀርቀሪያዎች ናቸው።

ልሸጣት ወሰንኩ፤ ከዚያ በፊት ግን ውስጧን ማየት ፈለግሁ። መቀርቀሪያዎቹ ግን ሁለት ክረምት ዘንቦባቸው በዝገት ተጣብቀዋል። ድሮ ግራሶ የሚቀባቸው እሱ ነበር፤ እኔ ነክቻቸውም አላውቅ።

ከአብነት ሰፈር አንድ ሸምገል ያሉ በያጅ ይዤ መጣሁ። ቆርጠው ሊጥሏቸው መሣሪያቸውን ሲያወጡ ሆዴ እምቢ አለ።

"ሳይቆረጡ አይፈቱም?" አልኳቸው።

ፊቴን አዩት። "ይፈታሉ፣ ልጄ። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሱን ደግሞ እኔ ልሠራልሽ አልችልም።"

በሽቦ ብሩሽ እንድፍቃቸው፣ ጠዋት ማታ ነጭ ጋዝ እንዳንጠባጥብባቸው፣ በመዶሻ ቀስ አድርጌ እንድመታቸው አሳይተውኝ ሄዱ።

በሚቀጥሉት ቀናት ከቢሮ ስመለስ ልብሴን ቀይሬ እወርዳለሁ። ጎረቤቶቼ "በርቺ" እያሉኝ ያልፋሉ፤ የሚቆም የለም። በሐዘኑ ሰሞን ቤቴ ሰው ሞልቶት ነበር። ከአርባው በኋላ ሁሉም ወደ ኑሮው ሲመለስ እኔ ከሰው ጋር ምን እንደሚወራ ጠፋኝ። እዚያ ቁጢጥ ብዬ ዝገት ስፍቅ ግን ሳይታወቀኝ ለእሱ ሳወራለት እገኛለሁ፤ ስለ ቢሮው፣ ውሃ ከጠፋ ስንት ቀን እንደሆነው።

በዘጠነኛው ቀን ሦስቱ ተራ በተራ ለቀቁ። አራተኛው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ጣሪያውን ወደ ላይ ብገፋው በእኔ በኩል ብቻ ተነስቶ ተያዘ። አብረን ላንጋኖ የሄድን ጊዜ እሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን ነበር ያነሳነው። ይህን እስከዚያች ሰዓት ረስቼው ነበር።

ምድር ቤት የምትኖር ጎረቤቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። ለዓመታት ከሰላምታ አላለፍንም።

"እባክሽ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ" አልኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ጣሪያው ተነሳ። ውስጡ ሻግቷል፤ ፍራሹን አይጥ በልቶታል፤ የባለቤቴ ሹራብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች፤ ዝናቡ ሊመጣ ሲል ልብሷን ልታነሳ ተነሳች።

በሳምንቱ ገዢው ተጎታቿን ጎትቶ ወሰዳት። ሹራቡን አስቀረሁት። ቦታው ላይ በዚያው ቀን ሌላ መኪና ቆመበት። ከቢሮ ስመለስ ልብሴን እቀይርና ወዴት እንደምወርድ ግራ ገብቶኝ በረንዳዬ ላይ እቆማለሁ።