የማራጋታም ዲስክ ዕረፍት የወጣበት ቀን

በደቡብ ሕንድ፣ በኩምባኮናም ከተማ፣ ከናስ ዕቃ ሻጮቹ ጀርባ ባለችው በእኛ ጠባብ መንገድ፣ የማን ጥርስ የራሱ፣ የማን ጥርስ የተገዛ እንደሆነ አብጠርጥራ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ማራጋታም ትባላለች። የጥርስ ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ላይ ከተቀመጠች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። እኔም ከፊት ለፊቷ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ እንደዚያው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የወርቅ ሻጩ የሶማሱንዳራም ፈገግታ የእግዜር ሥራ ይሁን የክሊኒኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ልትነግረኝ አልፈቀደችም። ሻይ ጋብዤያታለሁ። ለሳሪዋ የሚሆን ጉርድ ሸሚዝ በነጻ ሰፍቼላታለሁ። ሸሚዙን "ብብቱ ጠበበኝ" ብላ መለሰችልኝ፣ ምስጢሩን ግን እሷው ዘንድ አስቀረችው።

ስክሪኗን ወደ ግድግዳ ያዞረችው በእኔ ምክንያት ነው እየተባለ ይወራል። ሐሜት ነው። እውነት ቢሆንም ሐሜት ነው።

ክሊኒኩን ዶክተር ኢላንጎ ከአባቱ ወረሰው፤ ማራጋታምንም አብሮ ወረሰ። በቁምጣ ሲሮጥ ታውቀዋለችና በሽተኛ ካለ "ዶክተር"፣ ከሌለ "አንተ ልጅ" ትለዋለች።

ባለፈው ዓመት የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች አንድ ኤክስሬይ ለመክፈት መንጋጋ ከሚነቀልበት ጊዜ በላይ መፍጀት ጀመሩ። ሁለቱ ተያይዘው ኮምፒውተር ሻጩ ካማሩዲን ሱቅ ሄዱ። እኔም ክር ልገዛ በዚያ በኩል አለፍኩ። ክር ነበረኝ፤ ቢሆንም አለፍኩ።

ዶክተሩ ሆዱ መስታወት የሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ኮምፒውተር ፊት ደርቆ ቀረ።

"ይሄ የፈለጉትን ጌም ያጫውታል" አለ ካማሩዲን።

"መንጋጋ ጌም ይጫወታል እንዴ?" አለች ማራጋታም።

"እትዬ፣ ፈጣን ነው እኮ" አለ ዶክተሩ።

"እንደ ሠርግ ቤት አምፖል ብልጭ ድርግም የሚለው በሽተኛው ቶሎ አፉን እንዲከፍት ነው? ካማሩዲን፣ ከመጋረጃው ጀርባ የደበቅካቸው ምንድን ናቸው?"

አንድ ባንክ አርጅተዋል ብሎ ያወጣቸው ጥቁር የኮምፒውተር ሣጥኖች ነበሩ። ማራጋታም ደበርጃን እንደሚመርጥ ሰው አንኳኳቻቸው፣ አገላበጠቻቸው፣ አስከፍታ ጆሮዋን ደቀነች፣ አሸተተቻቸው።

"ዲስኩ የድሮው ነው?"

"አዲስ ቀይሬለታለሁ፤ የማይሽከረከረውን ዓይነት። የአንድ ዓመት ዋስትናም አለው።"

"በምን?"

"በቃሌ!"

"ቃልህን ወረቀት ላይ አድርገውና ፈርምበት።"

ሁለት ሣጥን ተገዝቶ እንኳ ከዚያ ከሚያበራው ዋጋ ብዙ ተረፈ። በተረፈው ጥሩ ስክሪን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪና አንድ የውጭ ዲስክ አስጨመረች። "ጥርሱ የሚታየው በስክሪኑ ነው፤ ሣጥኑን ማን ያየዋል?"

ዶክተሩ አኮረፈ። "እሺ እትዬ። ግን ይሄ የባንክ ጥራጊ የአንድ በሽተኛ መዝገብ ቢያጠፋብኝ፣ ያ የእንግዳ መቀበያ ወንበርዎ አበቃለት። ቼናይ ልጅዎ ዘንድ ሄደው የልጅ ልጅ ያጫውታሉ።"

ማራጋታም ቼናይ ከምራቷ ጋር አንድ ወር ከምትከርም ያለ ማደንዘዣ ሁለት መንጋጋ ብታስነቅል ትመርጣለች። ምራቷም እንደዚሁ ናት ይባላል።

የውጭው ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክቶ ለመጠባበቂያ የአሥራ አንድ ዓመት ኤክስሬይ፣ ቀጠሮና ገመና ሌት ተቀን ሲገለብጥ ከረመ። "አይንኩት፣ ራሱ ይሠራል" የዶክተሩ ትእዛዝ ነው።

ከዚያ አዩዳ ፑጃ የሚባለው የመሣሪያ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን መሣሪያ ሁሉ ያርፋል፤ የእኔ የስፌት መኪና ሳትቀር አበባ አጥልቃ ትውላለች። ማራጋታም ጉጠቱን፣ መስታወቱንና መሰርሰሪያውን አጥባ በትልቅ ትሪ በዕውቀት አምላኳ በሳራስዋቲ ምስል ፊት ደረደረች። ኮምፒውተሮቹን አጠፋፍታ ግንባራቸው ላይ የሰንደል እንጨት ቅባትና ቀይ ዱቄት ነካ ነካ አደረገች። ቀጥሎ እጇ ወደ ዲስኩ ሄደ።

"እሱ ይቅር እትዬ! መገልበጡ ይቋረጣል!"

"በሽተኛ በሌለበት ምኑን ሊገለብጥ? ጉጠቱ ካረፈ ዲስኩ ምን በደለ?"

"ማሽን እኮ ነው!"

"ጉጠቱስ ዘመድህ ነው?"

ነቀለችው። በሎሚውና በሩዝ ፈንዲሻው መሃል አስቀመጠችው። ዶክተሩ እያጉረመረመ ድርሻውን ፈንዲሻ ይዞ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዬ ስላረፈች መንገድ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ዶክተሩ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አይቶ ተመልሶ ገባ። የስክሪኑ ብርሃን ግድግዳው ላይ ታየ። በሕይወቴ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አፌ በፈንዲሻ ተሞልቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጩኸት ሰማሁ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ተሻገርኩ። ሁለቱም ስክሪኖች ላይ በቀይ ጽሑፍ፣ መዝገባችሁ ተቆልፏል፣ ለማስከፈት ክፈሉ ይላል።

"የባንክ ጥራጊ! ብዬ ነበር እትዬ! አሥራ አንድ ዓመት ገደል ገባ!"

ማራጋታም የወንበሯን ትራስ አንስታ ከምሳ ዕቃዋ ጋር በቦርሳዋ መክተት ጀመረች።

የተጠራው ካማሩዲን ደረሰ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ሣጥኑ ምንም አልሆነም። ቫይረስ ነው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ሰው የማይከፈት ነገር ከፍቷል።"

"ትናንት?" አልኩ እኔ። "ትናንት መሣሪያ አይነካም። ከእናንተ ማን ይሆን?"

የዶክተሩ ጆሮ ቀላ። "የበዓል ካርድ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "በኢሜይል የመጣ። ሳራስዋቲ በገና ስትመታ ያሳያል ይላል። በስልኬ እምቢ ቢለኝ..."

"መታችልህ?" አለች ማራጋታም።

"አልመታችም።"

"የተሰካ ዲስክ ከነበረ እሱንም በልቶታል" አለ ካማሩዲን። "የታለ?"

ሁላችንም ወደ ሣጥኑ ጀርባ ጎንበስ አልን። ባዶ ገመድ። ከዚያ አራታችንም ወደ ትሪው ዞርን። ዲስኩ ግንባሩን ቀይ ተቀብቶ፣ አበባ ተከናንቦ፣ ዕረፍቱን ይኮመኩማል።

ካማሩዲን በሁለት ጣቱ ሊያነሳው እጁን ዘረጋ።

"ቆይ!" አለች። "ዕረፍቱን ሳያስጨርሱት?" ካምፎር የሚባለውን የጸሎት ዕጣን ለኩሳ ዲስኩ ፊት ሦስቴ አዞረችና ራሷ አንስታ ሰጠችው።

ካማሩዲን ከመሰኪያው አንድ ፍሬ ፈንዲሻ እፍ ብሎ አወጣ። ሣጥኖቹን ጠርጎ እንደ አዲስ ሞላቸው። እስከ ከሰዓት አሥራ አንዱም ዓመት ተመለሰ። በበዓሉ ቀን ማንም ስላልታከመ የጎደለ ቀጠሮ እንኳ የለም።

"እትዬ፣ ስለ ወንበሩ..." ብሎ ጀመረ ዶክተሩ።

"የቱ ወንበር?" አለች። ተቀምጣበታለች፤ ትራሱም ከሥሯ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዲስኮቹ ሁለት ሆኑ። አንዱ ሲሠራ ሌላው እሷ ቤት ያርፋል፤ ዓርብ ዓርብ ይቀያየራሉ። በአውቶቡስ በምሳ ዕቃ ስለሚጓዝ በይለፍ ቃል ተቆልፏል።

"ድንገት ብትታመሚ ቃሉን ማን ያውቃል?" አልኳት፣ ለደኅንነቷ አስቤ።

"ዶክተሩ።"

"እሱ ቢረሳስ?"

"ታሽጎ ባንክ ተቀምጧል።"

"የሶማሱንዳራም ጥርስስ?"

"እሱም የተቆለፈው ውስጥ ነው" አለችና ስክሪኗን ትንሽ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ገፋችው።

ዘንድሮ በአዩዳ ፑጃ የሰንደሉን ቅባት የቀባው ዶክተሩ ራሱ ነው። ጉጠቱን፣ ሣጥኖቹን፣ ዲስኩን ቀባ። ከዚያ በጣቱ የተረፈውን ይዞ መጣና የማራጋታምን ወንበር መደገፊያ ነካ አደረገው።

"ይሄም መሣሪያ ነው" አለ፣ ወደ እሷ ሳያይ።

ማራጋታም ወንበሩን አየች፣ እሱን አየች።

"እንግዲያው ዛሬ አይነካም" ብላ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ዶክተሩ ወንበሩን አንዴ አየና ቆሞ አነሳው።