ለወርቄ ያስቀመጥኩት አረንጓዴ ሪባን

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ነው የቆምኩት፤ ግን ታገሡኝ፣ ነገሩ ለራሴም ገና አልጠራልኝም። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ፣ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት እዚሁ ቦታ ቆሜ ስለ ባለቤቴ ስለ ወርቅነሽ መስክሬ ነበር፤ በእልልታ ተቀበላችሁኝ። ዛሬ ያንኑ ምስክርነት ላቃናው ነው። ጌታ ይመስገን።

እኔ ዳንሳ ብስክሌት ጠጋኙ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ድሮ ቀን የሠራሁትን ማታ እጠጣው ነበር። እጄን ይዛ እዚህ ያስገባችኝ ወርቄ ናት። ሃሌሉያ! ኋላ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ፤ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እናንተም ጾማችሁ ጸለያችሁ። እሷም ተነሣች። ዶክተሩ "አባባ፣ በየሦስት ወሩ ለምርመራ ያምጧት" አለኝ። እኔ ግን "ጌታ የጨረሰውን ሥራ ሰው አይፈትሽም" ብዬ አስቀረኋት። ይህንንም እዚህ ስናገር አጨበጨባችሁልኝ። ስሙ ይባረክ።

ባለፈው ወር ነርሷ እህታችን ሰላማዊት ወደ ሱቄ መጣች። "ጋሼ፣ ነቀርሳን ለሚያጠኑ ሐኪሞች ገንዘብ የምናሰባስብበት የእግር ጉዞ አለ። ከምሽት እስከ ንጋት በየተራ የጉዱማሌን ሜዳ እንዞራለን። ቢያግዙን?" አለችኝ።

"ምነው ልጄ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት?"

"ሕመምተኛ መቼ ይተኛል ጋሼ?"

የጉዞው ምሽት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሦስት ካርቶን ሪባን ያለበት ጠረጴዛ ሰጡኝ። ነጩ ሰው ለሞተባቸው፣ አረንጓዴው ለዳኑ፣ ቢጫው አሁን በሕመም ላይ ላሉ ነው። "እርስዎ ማንንም አይጠይቁ፤ ራሳቸው ያነሣሉ" አለችኝ። አንድ ባለጋሪ ወዳጄ አይቶኝ "ዳንሳ! ጎማ መለጠፍ ትተህ ሙሽራ ማስጌጥ ጀመርክ?" ብሎ ሣቀብኝ።

ነጩ ወዲያው አለቀ። ከአረንጓዴው ለወርቄ አንዱን መርጬ ኪሴ ከተትኩ። ቢጫውን ግን የነካው የለም። እኛ አማኞች መቼም ታምሜያለሁ አንልም፤ እያተኮሰንም "በጌታ ደኅና ነኝ" ነው የምንለው።

ወርቄ ከጎረቤቶቻችን ጋር መጣች። አረንጓዴውን እጇ ላይ አሰርኩላት፤ ደስ ብሎኛል፤ ለሚያልፈው ሁሉ "ባለቤቴ ናት፣ ጌታ ፈወሳት" እላለሁ። እሷ ሁለት ጊዜ ዞራ ተመለሰችና ሪባኑን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከቢጫው ካርቶን አንድ አነሣች።

"ወርቄ፣ ተሳስተሻል። ያ የሕመምተኛ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

"ብብቴ ሥር እንደ ባቄላ ያለ ነገር አለ። ከፋሲካ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምኑን ልንገርህ? አንተ ተናግረህ ጨርሰሃል! ገበያ ስወጣ ሁሉም 'ያቺ የዳነችው' ይለኛል። ታምሜያለሁ ብል ጌታን የማሳጣው መሰለኝ።"

ወገኖቼ፣ ቢጫውን ላስርላት እጄን ዘረጋሁ። እሷው አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ አሰረችው። አረንጓዴውን መልሼ ኪሴ ከተትኩና ጠረጴዛውን ለሰላማዊት ትቼ አብሬያት ዞርኩ። እየሄድኩ የማስበው ሱቄን ነው። እኔ የለጠፍኩትን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሬ አለመተንፈሱን ሳላይ ለባለቤቱ ሰጥቼ አላውቅም። ለሰው ጎማ እንዲህ የምጠነቀቅ ሰውዬ፣ ሚስቴን ሳላስመረምር አንድ ዓመት ከመንፈቅ! ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ሲነጋ ከቢጫው ካርቶን ሌላ ሦስት ሪባን ጎድሎ ነበር። ከወሰዱት አንዷ አሁን እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። ስሟን አልጠራም፤ ስትፈልግ ራሷ ትናገር።

ታዲያ ወርቄ ያኔ ድና ነበር ወይስ አልዳነችም? አላውቅም። መጋቢያችንን ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም "ጋሽ ዳንሳ፣ እኔም አላውቅም፤ ኑ እንጸልይ" አሉኝ። ዶክተሩ ዘንድ ወሰድኳት። ይቆጣኛል ብዬ ስፈራ፣ "ዘግይታችኋል፤ ግን መጥታችኋል፤ ሕክምና አለው" አለ። ሰኞ ለሕክምና አዲስ አበባ እንሄዳለን። ለዚህ፣ ለዚህችው ለመምጣታችን፣ ጌታ ይመስገን! ሃሌሉያ!

እናንተ ሕመም የደበቃችሁ፣ ከእኔ ተማሩና ተናገሩ። ጌታ እንደሆነ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለታመማችሁ አያፍርባችሁም፤ ታመኑት፤ ሐኪም ቤትም አብሯችሁ ይገባል። እኔ ሁሉ ነገር ግራ ገብቶኝም ይህችን ይዣለሁ።

አረንጓዴው ሪባን ኪሴ ውስጥ ነው፤ አልጣልኩትም። ወርቄ፣ እስቲ ተነሺ ይዩሽ። ቀስ በይ። ወገኖቼ፣ ዛሬ አታጨብጭቡ። ስትወጡ ግን እጇን ያዙልኝ፤ ቢጫው ሪባን ያለበትን እጇን።